ድርና ማግ፦ በትዳር ውስጥ የተጻፈውና ያልተጻፈው ሒሳብ



ትዳር ውስጥ ሒሳብ ይያዛል ወይስ አይያዝም? በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ባሳለፍነው የአባላት ውሎ ከምሳ በኋላ የተነሣው ክርክር ይህ ነበር። ግማሾቻችን «ትዳር ሱቅ አይደለም፤ ባልና ሚስት ማን ምን አዋጣ እያሉ መቁጠር ከጀመሩ ፍቅራቸው አልቋል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ያልተጻፈ ሒሳብ በመጨረሻ የሚጎዳው ሴቷን ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች ከሕይወታቸው ማስረጃ ነበራቸው። ክርክሩ ሳይቋጭ አውቶቡሱ መጣና ተበተንን። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ጉዳዩን አጥንቼ በመጽሔታችን እንድጽፍ ተጠየቅሁ።

ጥናቱን ስጀምር የትዳርን መዋጮ መቁጠር ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን ሲያገቡም ሲፋቱም በጥንቃቄ ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው መቁጠር አለመቁጠር አይደለም። ምን ይቆጠራል? መቼ ይቆጠራል? ማንስ ይቆጥራል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን የአገራችንን የትዳር ሒሳብ ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን።

እኩል ይዞ መግባት

በአማራው አገር ገበሬ ዘንድ ለብዙ ዘመን የተለመደው ጋብቻ የሰማንያ ጋብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሚፈጸመው ከቁርባን ጋብቻ ይለያል። ቁርባን በቀላሉ የማይፈታ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚገባበት ወይ ካህን ሲሆን ወይ ዕድሜው ሲገፋ ነበር። ሰማንያው ግን በሽማግሌ፣ በምስክርና በዋስ ፊት የሚፈጸም ውል ነው።

ውሉ የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሙሽራው አባት ስንት ከብት እንደሚሰጥ፣ የሙሽራዋ አባት ስንት እንደሚሰጥ ይነጋገራሉ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በ1950ዎቹ በጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ባጠናው መሠረት፣ ደንበኛው ጋብቻ የሁለቱ ቤተሰቦች መዋጮ እኩል የሆነበት ነበር። ሴቲቱ ባዶ እጇን አትገባም፤ ወንዱም ብቻውን ጎጆ አያቆምም። እኩል ከብት ይዘው ይገባሉ፣ እኩል ባለቤት ይሆናሉ። ፍቺ ቢመጣ እያንዳንዱ ይዞት የገባውን ያነሣል፤ አብረው ያፈሩት ደግሞ ለሁለት ይከፈላል።

በእኔ ሙያ ቋንቋ ይህ የሽርክና ሒሳብ ነው። መነሻ ካፒታል አለ፤ በሥራ የተገኘ ትርፍ አለ፤ ሽርክናው ሲፈርስ ካፒታል ለባለቤቱ ይመለስና ትርፍ ይከፋፈላል። ለምሳሌ እሱ 4 ከብት፣ እሷ 4 ከብት ይዘው ገቡ እንበል። ከዓመታት በኋላ ከብቱ 20 ደርሶ ቢለያዩ በመጀመሪያ 4 ለእሱ፣ 4 ለእሷ ይነሣል። የቀረው 12 ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዳቸው 10 ይዘው ይሄዳሉ። ይህን የሚሠሩት የሒሳብ ትምህርት ያልነበራቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ሒሳቡን ያወቁት ግን መጀመሪያ ላይ በምስክር ፊት ስለተቆጠረ ነው።

በዚህ ላይ ርስት አለ። በአማራ አገር ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ይወረሳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የመጠየቅ መብት ነበራት። ያገባች ሴት ርስቷ ለባሏ ርስት አይሆንም። ባል ያርሰዋል፣ ምርቱን አብረው ይበሉታል፤ መሬቱ ግን የእሷ ነው፣ ከእሷም ወደ ልጆቿ ያልፋል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን የተጻፉ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ሰነዶችን መርምሮ ሴቶች በገዢነትም በሻጭነትም በብዛት መገኘታቸውን አሳይቷል። እነዚያ ሰነዶች የተጻፉት በአብያተ ክርስቲያናት ብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ ነው። ለዚህ ነው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች ንብረት ዛሬም ሊነበብ የሚችለው፤ ስለተጻፈ።

ይህን ስል የድሮው ዘመን ለሴት ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ሴት ርስቷን ለማስከበር ወንድሟ ወይም ባሏ ችሎት ቆሞ እንዲሟገትላት ያስፈልጋት ነበር። «ሴት በማጀት ወንድ በችሎት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከድሃ ቤት የመጣችው ልጅም እኩል የምትይዘው ከብት ስለማይኖራት፣ እኩል ጋብቻ ውስጥ የመግባት ዕድሏ ጠባብ ነበር። ሒሳቡ ጥሩ ሒሳብ ነው፤ የሚሠራው ግን የሚቆጠር ነገር ላላት ሴት ነው።

የደሞዝ ሚስት

ምንም የሌላት ሴት ምን ትሆናለች? አንደኛው መልስ የደሞዝ ጋብቻ ነው። ይህ ጋብቻ በስሙ እንደሚነገረው ደመወዝ ያለበት ነው። ወንዱ በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል እህል፣ ይህን ያህል ልብስ እሰጣለሁ ብሎ በምስክር ፊት ይዋዋላል። ሴቲቱም ቤቱን ትይዛለች፣ ታበስላለች፣ አብራው ትኖራለች። ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሹም እንዲህ ያለውን ጋብቻ ይፈጽም ነበር።

እዚህ ላይ አባሎቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ላይ ላዩን ሲታይ የደሞዝ ሚስት የተሻለች ትመስላለች። የቤት ሥራዋ ተቆጥሯል፣ ዋጋ ተሰጥቶታል፣ ይከፈላታል። የሰማንያዋ ሚስት ግን ለምታበስለው ወጥና ለምትፈጨው እህል ሳንቲም አታገኝም። ሲለያዩ ግን ሁሉም ይገለበጣል። የሰማንያዋ ሚስት ካፒታሏን አንሥታ የትርፉን ግማሽ ትወስዳለች። የደሞዟ ሚስት የቀረ ደመወዝ ካላት እሱን ተቀብላ ትወጣለች፤ በቤቱ ባፈሩት ላይ ድርሻ የላትም። ምክንያቱም አንዷ ሸሪክ ናት፤ ሌላዋ ተቀጣሪ ናት።

ዛሬ አንዳንድ እህቶች በቁጣ «ለምሠራው የቤት ሥራ ደመወዝ ይክፈለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ጥያቄ በውጭ አገርም ተነሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በጣሊያን የጀመረ የሴቶች እንቅስቃሴ ለቤት ሥራ ደመወዝ ይከፈል ብሎ በብዙ አገር ተሰምቷል። እነሱ ክፍያውን የጠየቁት ከመንግሥት እንጂ ከባል አልነበረም። ከባል ደመወዝ መጠየቅ ግን የእኛው ታሪክ እንደሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ድርሻ አይጠይቅም። ቁጣው እውነት ቢሆንም ጥያቄው ከሸሪክነት ወደ ተቀጣሪነት እንዳያወርደን መጠንቀቅ አለብን።

ሕጉ ባልን አለቃ ሲያደርግ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በብዙ መንገድ ዘመናዊ ነበር። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ መሆኑንም ደንግጓል። ነገር ግን ቁጥር 635 የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ትታዘዘው አለ። ቁጥር 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ የቤት አገልጋይ ማቆም የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ጣለባት። የጋራ ሀብት አስተዳዳሪም በመሠረቱ ባል ሆነ።

በሒሳብ ዓይን ካየነው ድርሻው ተጽፏል፤ የሒሳብ መዝገቡ ግን በአንደኛው ሸሪክ እጅ ብቻ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ሸሪክ በዕለት ተዕለት አስተዳደሩ ላይ አትጠየቅም። ትዳሩ ሲፈርስ ደግሞ ጉዳዩን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥፋት አለባት ወይም አለበት ብለው ካመኑ የጋራውን ሀብት ለአንዱ ወገን የማብለጥ ሥልጣን ነበራቸው። በዚያ ዘመን ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው ወንድ ነው፤ ጥፋትም የሚለካው በወንድ ሚዛን ነው። ስለዚህ ግማሽ ነው የተባለው ድርሻ ተመዝኖ ሲመጣ ግማሽ ላይሆን ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። ለጭሰኛው ትልቅ ቀን ነበር። አዋጁ በጾታ ልዩነት ሳያደርግ ለሚያርስ ሰው ሁሉ መሬት ይሰጣል ቢልም፣ መሬት የሚከፋፈለው በገበሬ ማኅበር በኩል ሲሆን ማኅበሩ የሚመዘግበው አባወራውን ነበር። ርስት ሲቀር ከእናቷ የወረሰችውን መሬት በስሟ ይዛ የገባችው ሴት ይዞታዋ በቤቱ አባወራ ስም ተጠቃለለ። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት የራሷ አባወራ ሆና ትመዘገባለች። ባለትዳሯ ግን ከመዝገቡ ላይ ጠፋች። አዋጁ ሴትን ልጎዳ ብሎ አልተነሣም። መዝገቡ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው ግን አንድ ስም ብቻ ገባበት።

ግማሽ ሲባል ግማሽ

ለውጡ የመጣው ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው አለ። የ1952ቱ ሕግ ከዚህ ጋር አብሮ ሊሄድ አይችልም። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና በባልደረቦቻቸው የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ለዓመታት ጮኸ፣ ጥናት አቀረበ፣ ሰልፍ ወጣ። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው ይህ ነው። ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ፤ አማራ ክልል ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሕግ ለእኛ ለጉለሌ ሴቶች ምን እንደሚል በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ላስረዳ።

በትዳር ከመግባትሽ በፊት የነበረሽ ንብረት፣ ከገባሽ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘሽው የግልሽ ነው፤ አንቀጽ 57። ይህ ድሮ «ይዞ የገባው» ይባል የነበረው ነው።

በትዳር ዘመን ሁለታችሁ በጉልበታችሁ ያገኛችሁት ገቢ፣ ከግል ንብረታችሁ የተገኘው ገቢም ጭምር፣ የጋራ ነው፤ አንቀጽ 62። እሱ በወር 10,000 ብር ቢያመጣና አንቺ ምንም ብር ባታመጪ የጋራነቱ አይቀነስም።

በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አንቀጽ 63። እዚህ ላይ ብዙ እህቶች ይሳሳታሉ። «ቁጠባው በእኔ ስም ነውና የእኔ ብቻ ነው» ይላሉ። አይደለም። የእሱ መኪና በስሙ ስለሆነ ብቻ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በማኅበራችን ደብተር የተቀመጠው ቁጠባም ከትዳሩ ገቢ የመጣ ከሆነ የጋራ ነው። ሕጉ የሚጠብቀን ለሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሠራ ነው።

የጋራ ንብረትን ሁለቱም በአንድነት ያስተዳድሩታል። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማከራየት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 68። ማኅበራችን ብድር ስትወስዱ የባለቤታችሁን ፊርማ የሚጠይቀው ባልን አለቃ ለማድረግ አይደለም። ሕጉ እሱም ሲበደር ያንቺን ፊርማ እንዲጠይቅ ያስገድደዋልና ነው።

በፍቺ ጊዜ የግሉ ለየባለቤቱ ይሄዳል፣ የጋራው እኩል ይከፈላል፤ አንቀጽ 90። ፍቺውን የሚወስነውም ፍርድ ቤት ነው። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት 3 ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የኖሩም አብረው ያፈሩት የጋራቸው ነው፤ አንቀጽ 102። የደሞዝ ሚስት ዓይነት ኑሮ የምትኖር ሴት ከተቀጣሪነት ወደ ሸሪክነት የገባችው በዚህ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል።

ከእኛ ሕግ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ሰጪ አካል ዋይት በተባሉ ገበሬ ባልና ሚስት የፍቺ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ገንዘብ ያመጣውንና ቤቱን የያዘውን ማበላለጥ አይገባም፤ ክፍፍሉም በእኩልነት ሚዛን ይታይ አለ። የበለጸገ የሕግ ታሪክ ያላት አገር ከአዋጃችን ጋር በአንድ ዓመት እዚያው ሐሳብ ላይ መድረሷ፣ ወደ ኋላ ቀርተናል ብለን ለምንገምተው ለእኛ የሚያበረታታ ነው።

በገጠርም የመዝገቡ መስመር ሁለት ሆነ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ አለበት። በ1967 ከመዝገብ የጠፋችው ሚስት ከፎቶግራፏ ጋር ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ባል መሬቱን ለብቻው ላከራይ ቢል የሚስቱ ፊት ከደብተሩ ላይ ያየዋል።

ተራራው የሚያውቀው ሸክም

ይህ ሁሉ የንብረት ሒሳብ ነው። ንብረት የሌለበት ልፋትስ?

የተሰበሰብንበት የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዛሬ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እየተመለሱበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ይህ ጋራና ከጎኑ ያለው እንጦጦ የባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ የማገዶ ችግር በጠና ጊዜ ነው። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንጀራ የጋገረችው ከዚህ ተራራ በሴቶች ጀርባ በወረደ እንጨትና ቅጠል ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የጉለሌ ልጅ የለም። ከመካከላቸው ሸክሙን ትተው በእንጦጦ ሥር በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የገቡም አሉ።

የአገር ገቢ የሚለካበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሥርዓት በተባበሩት መንግሥታት ይወጣል። በዚያ ሥርዓት መሠረት አንዲት ሴት ለቤቷ የምትለቅመው ማገዶና የምትቀዳው ውኃ እንደ ምርት ይቆጠራል፤ በአገር ገቢ ውስጥ መግባት አለበት። በዚያው ማገዶ የምትጋግረው እንጀራ፣ በዚያው ውኃ የምታጥበው ልጅ ግን አይቆጠርም። እንጨቱን ተሸክማ እስከ ደጃፏ ስትደርስ አምራች ናት፤ ደጃፉን አልፋ እሳት ስታቀጣጥል ሥራዋ ከመዝገብ ይወጣል። የኒውዚላንዷ ማሪሊን ዌሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚህ ላይ መጽሐፍ ጽፋ የዓለምን የሒሳብ ባለሙያዎች አሳፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤት ሥራም «ሥራ» መሆኑን ተቀብሏል። በአገር ገቢ ውስጥ ግን እስካሁን አልገባም።

የቤተሰብ ሕጋችን በዚህ ነገር ከዓለም የሒሳብ ሥርዓት ይበልጣል እላለሁ። ምጣዱን ዋጋ ለመተመን አልሞከረም። ይልቁን ሁለቱ ሸሪኮች እያንዳንዳቸው የለፉትን ሁሉ አንድ አድርጎ፣ በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ አለ። ያልተቆጠረው ልፋት በድርሻው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የነጠላው ሒሳብ

ይህ ለምን ትክክል እንደሆነ ለማየት ከማዕከሉ ብዙ ሳንርቅ ሽሮ ሜዳ እንውረድ። ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ለትውልዶች የኖሩበት፣ ከተማው ለበዓል የሚለብሰው ሁሉ የሚሸመንበት ሰፈር ነው። ነጠላ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት የሚዘረጋው ሲሆን ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ በአግድም የሚገባው ነው። ጥሩ ነጠላ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ጥጡን የምታባዝተውና በእንዝርት የምትፈትለው ሴቷ ናት። መሸመኛው ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የሚሸምነው ወንዱ ነው። ገበያ ወስዶ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ነጠላው በ2,000 ብር ቢሸጥ፣ ስንቱ የእሱ ነው? ስንቱ የእሷ ነው? የክሩን ዋጋ መቀነስ እንችላለን። የሰዓቱን ልፋት መገመት እንችላለን። የእሱ ሰዓት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ተቀምጦ ነውና ለመቁጠር ቀላል ነው። የእሷ ግን በእንዝርቱ መካከል ልጅ ታነሣለች፣ ወጥ ታማስላለች፣ ለዕድር ትወጣለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። እሱ ሳይነሣ ሊሸምን የቻለው ይህን ሁሉ እሷ ስለሠራች ነው። የእሷን ፈትል ብቻ ቆጥረን ብንከፍላት አሳነስናት። ሁሉን ልቁጠር ብንል ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ ቤቱ የክርክር ቤት ይሆናል። ድሩንና ማጉን ለመለየት ነጠላውን መተርተር ያስፈልጋል። ከተተረተረ በኋላ የሚለበስ ነገር የለም።

ለዚህ ነው በክርክራችን የሁለቱም ወገኖች እህቶች ልክ የነበሩት። የዕለት ተዕለት ልፋት በብር አይተመንም፤ ልተምን ያለ ሰው ትዳሩን ይተረትራል። ንብረት ግን መጻፍ አለበት። ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ በመጨረሻ የሚጽፈው አቅም ያለው ወገን ነው። በማኅበራችን የቁጠባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ይህንኑ ነው። አንዲት እህታችን ከእናቷ የወረሰችውን ወርቅ ሸጣ ለቤት መሥሪያ ሰጠች። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ከዓመታት በኋላ ሲለያዩ ቤቱ በእኩል ተከፈለ፤ የወርቁ ገንዘብ ግን ከየት እንደመጣ ማስረዳት አልቻለችም። የአያቷ አያት ይህ አይደርስባትም ነበር፤ ሽማግሌዎች ቆጥረው፣ ዋስ ቆሞ ነበርና።

እንግዲህ ምን እንጻፍ?

ሕጉም ታሪካችንም የሚያስተምረን መቁጠሪያው ጊዜ መጀመሪያው ላይ መሆኑን ነው፣ ፍቅር ባለበት፣ ማንም ባልተቆጣበት ጊዜ። በጠብ መካከል የተጀመረ ቆጠራ ሒሳብ ሳይሆን ክስ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለልጆቻችንም ለራሳችንም እንምከር።

አንደኛ፣ ከጋብቻ በፊት እያንዳንዱ ይዞት የሚገባውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። የጋብቻ ውል ማድረግ ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ አራት ምስክር፣ ሁለት በባል ሁለት በሚስት በኩል፣ ያስፈልገዋል። አያቶቻችን ከሠሩት የተለየ አይደለም፤ ዘመናዊ ሆነና ወረቀት ላይ ገባ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ውርስና ስጦታ ሲመጣ ወረቀቱን አስቀምጪ። የግል ንብረትሽን ሸጠሽ ሌላ ስትገዢ፣ የተገዛው የግል እንዲሆን ከፈለግሽ ያኔውኑ በፍርድ ቤት ማስጽደቅ እንደሚያስፈልግ እወቂ። ለጋራ ቤት ልስጠው ካልሽም ፈቃድሽ ነው፤ ግን አውቀሽ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የጋራ የሆነውን በሁለቱም ስም አስመዝግቡ፦ ቤቱን፣ ካርታውን፣ የባንክ ሒሳቡን። ሕጉ በአንድ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ይላል። ለማስረዳት ግን ፍርድ ቤት ከመመላለስ ሁለት ስም ይቀላል።

አራተኛ፣ ዕዳንም ጻፉ። ለቤት ጥቅም የተገባ ዕዳ ሁለቱንም ይመለከታልና ማን መቼ ለምን እንደተበደረ ሁለቱም ይወቁ።

ማን ሳህን አጠበ፣ ማን ልጅ አስተኛ፣ ማን ለማን እናት ስንት ጊዜ ስልክ ደወለ የሚለውን ግን አትጻፉ። እሱ የሚነገር ነው። ሸክሙ ከከበደሽ «ከበደኝ» ማለት ነው። ደብተር ይዞ መጠበቅ ባልንጀራን ባለዕዳ ያደርጋል፤ ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን አይወድም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ሐሳብ

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በየሩብ ዓመቱ የምንልክላችሁን የሪፖርት ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። ቅጹ የአባሎቻችን ገቢ ስንት እንደሆነ፣ ቁጠባቸው ስንት እንደደረሰ፣ ስንት ሥልጠና እንደወሰዱ ይጠይቃል። በስንት ሰዓት ልፋት እንደሆነ ግን አይጠይቅም። አንዲት አባል ገቢዋ ሲጨምር ሌሊት 10 ሰዓት የምትነሣ ሆና እንደሆነ ቅጹ አያውቅም። ስኬት ብሎ ያልፈዋል። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? የሚያግዛት አለ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር በአክብሮት እንጠይቃለን። ከላይ እንዳየነው መዝገብ ላይ መስመር ያልተሰጠው ነገር ይጠፋል።

ለእህቶቼ ደግሞ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ፣ የውርስ ውሳኔያችሁ፣ የይዞታ ካርታችሁ ቅጂ ከሌላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቢሮ ይዛችሁ ኑ። ኮፒ አድርገን በየስማችሁ ፋይል እንከፍታለን። ባሎቻችሁም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ፋይሉ የሁለታችሁ ነውና።